ባለ ስምንት ጎማዋ ኮሮላ

ከሳር ቤት ማዶ ብዙም ዘልቀው የማያውቁ የብስራተ ገብርኤል እናቶች የኤድመንተንን የአየር ጠባይ ከከተማው ከንቲባ እኩል ያውቃሉ። ዛሬ እዚህ ሰፈር ይዘንብ ይሆን ብላችሁ ብትጠይቋቸው ወደ ሰማይ አንጋጠው «እሱ ያውቃል» ይሏችኋል። ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ወዲያው ይነግሯችኋል።

ቡናው ሳይቀርብ ዲግሪው ይቀርባል። «የእኔው ዛሬ ከዜሮ በታች 22 ላይ ነው» ይላሉ አንዷ፣ የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚናገሩ ሁሉ። «የእኔዋ 9 ብቻ ናት፤ ግን ንፋስ አለባት» ይላሉ ሌላዋ፣ ላለመበለጥ። ነገሩ ፉክክርም አለበት። ልጇ ይበልጥ የበረደባት እናት ይበልጥ ይታዘንላታል፤ አቦሉም ለእሷ ቀድሞ ይቀዳል። ልጁ ሎስ አንጀለስ የሆነበት ቤት በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው።

የእኛ ቤት ተወካይ የወንድሜ ልጅ ነው፤ ኤድመንተን፣ ካናዳ። ብስራተ ገብርኤል ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ኤድመንተን 53ኛው ላይ። መኪና መንዳት የተማረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በተተከሉ ብረቶች መካከል በሪትሮ እየገባ፣ ዳገት ላይ በሃፍ ፍሪሲዮን መኪናዋን ወደ ኋላ ሳያንሸራትት እያስነሳ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ደግሞ ከሳር ቤት በብስራተ ገብርኤል አድርጎ ወደ መካኒሳና ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚኒባስና በሲኖትራክ መካከል እየተሹለከለከ ማዕረጉን ጫነ። በዚህ መንገድ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ የነዳ ሰው የትም ዓለም ይነዳል ብለን እናምን ነበር። እምነታችን እስከ ኅዳር ቆየ።

እዚያ ሄዶ ፈተናውን እንደ አዲስ ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ያዘ፤ ያገለገለች ኮሮላም ገዛ። ኅዳር ላይ በቫይበር ደወለና ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረው። መኪናዋ የለችም። አለች፤ ግን በቦታዋ የሚታየው ነጭ ጉብታ ነው። እናቱ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ካየች በኋላ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ማነው የደፋባት?»

ወዲያው ግቢያችን ውስጥ የአማካሪዎች ጉባኤ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጎረቤታችን፣ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ኤንትሬ» ይላቸዋል፤ ወደብ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ፊያት 682 ኤን ትሬ ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ሲመላለሱ ኖረዋልና። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርደውታል። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር፣ ጉሙ ኮፈኑን ሲሸፍንባቸው፣ ረዳታቸውን በእግር እያስቀደሙ አልፈዋል። ሁለተኛው አማካሪ ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየው የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሦስተኛዋ የልጁ እናት ናት። እሷ መሪ ይዛ አታውቅም፤ ስለዚህ ምክሯ ማለቂያ የለውም።

«ፍጥነት ነው መፍትሔው» አለ የሚኒባሱ ሾፌር። «ጭቃ ላይ ካመነታህ ትያዛለህ። ነዳጁን ርገጠው፤ ክላክስህን አትልቀቅ።»

«ደራርበህ ልበስ» አለች እናቱ። «ለመኪናዋም የሆነ ነገር አልብሳት።»

«ፍሬን የሚባል ነገር እርሳ» አሉ ጋሽ ኤንትሬ። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። የቀረውን ሞተሩ ያውቃል።»

ልጁ ሦስቱንም በአክብሮት አዳመጠና አስተማሪ ቀጠረ።

አስተማሪው እሑድ ጧት የአንድ ገበያ ማዕከል ባዶ የመኪና ማቆሚያ ይዞት ሄደ። በረዶው በመኪና ተደቁሶ ጠጥሯል። «በ30 ንዳና ፍሬኑን በኃይል ርገጥ» አለው። ልጁ ረገጠ። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ግን ትእዛዙ ለሌላ ሰው የተሰጠ ይመስል መንገዷን ቀጠለች። መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ ጎማዎቹ ወደ ግራ ዞሩ፤ እሷ ወደ ፊት። የፈለገችበት ስትደርስ በራሷ ጊዜ ቆመች። አስተማሪው ቡናውን ፉት ብሎ «አሁን ትምህርት መጀመር እንችላለን» አለው።

ጎማ መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዘው በሰበቃ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 14 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በግግር በረዶ ላይ ሰበቃው ወደ ሰባተኛ እጅ ሊወርድ ስለሚችል ያው መኪና በዚያው ፍጥነት 100 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ይህን ወደ ሰፈራችን ስንመልሰው፣ ብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሊሳለም ፍሬን የያዘ ምእመን በሩን አልፎ፣ ጧፍ ሻጮቹን አልፎ፣ ነዳያኑን አልፎ፣ ታክሲ ተራው ጋ ደርሶ ነው የሚሳለመው።

ጉባኤውን ይበልጥ ግራ ያጋባው ግን የዜሮ ነገር ነው። አንድ ቀን እናቱ ስልኳን ከፍታ እልል ልትል ደረሰች። «ዜሮ ገባለት! ልጄን ሞቀው!» ወዲያው ደወለችለት። ልጁ ግን ድምፁ ፈዟል። «እማዬ፣ ዛሬ ነው የምፈራው።» ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 እና 25 ሲሆን በረዶው ይደርቃል፤ ጎማም በመጠኑ ይቆናጠጠዋል። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን የበረዶው ገጽ ይረጥብና አላስቆም አላስቀምጥ ይላል። ቀን የቀለጠው ማታ ተመልሶ ሲረጋ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ዓይን የማይለየው ስስ ግግር ይተኛል፤ ሾፌሩ መንገዱ ዝናብ የመታው መስሎት ዘው ይልበታል። ከሁሉ ቀድሞ የሚረጋው ድልድይ ነው፤ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው። እናትየዋ ይህን ከሰማች ወዲህ ጸሎቷን አሻሻለች። «ሙቀቱን ላክለት» ትል የነበረችው ሴት «ወይ ከዜሮ በላይ 10 ወይ ከዜሮ በታች 10 አድርግለት፤ መሀል ላይ አታቁምብኝ» ማለት ጀመረች።

እዚህ ሰፈር ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19፣ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከናቡከደነፆር እቶን ያወጣበት በዓል፣ ኤድመንተን ላይ የክረምቱ እምብርት ነው። የሚኒባሱ ሾፌር ጸበል ጸዲቅ እየቀመሰ «ገብርኤል ልምዱ እሳት ላይ ነው፤ በረዶው እንግዳ እንዳይሆንበት» ሲል ሊቀልድ ሞከረ። እናትየዋ አላስጨረሰችውም። «እሳቱን ውርጭ ያደረገ መልአክ ውርጭ አያውቅም ልትለኝ ነው?» ጉባኤው ይህን በሙሉ ድምፅ አጸደቀው፤ ቀልደኛውም ድምፁን ሰጠ።

ጥር ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ልጁ በላከልን ቪዲዮ ላይ ከኮሮላዋ አፍንጫ ሥር ገመድ ተንጠልጥሏል። ገመዱን ስቦ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰካው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ሰፈራችን የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ አንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ የማያውቅ ሕፃን የለም። ስለዚህ ልጁ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ የሚለው ወሬ ላፍቶ ሞል ደርሶ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም። እናቱም እንኳን ደስ ያለሽ ስትባል ለማስተባበል አልቸኮለችም።

እውነቱ ሲጣራ ገመዱ ሞተር ማሞቂያ ሆኖ ተገኘ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ20 ሲያልፍ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ ባትሪውም አቅም ያጣል። ስለዚህ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ የራዲያተሩን ፈሳሽ እያሞቁ ያሳድራሉ። ጋሽ ኤንትሬ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ራዲያተር ያሞቃል? እኛ ሊማሊሞ ላይ ራዲያተር ሲፈላብን ጀሪካን ይዘን ለውኃ ገደል ስንወርድ ኖረን፣ እሱ ለመብራት ከፍሎ ያፈላዋል?» ያን ቀን ቡና አልጠጡም።

የጎማው ጉዳይ ደግሞ አለ። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል። የክረምቱ ጎማ የሚሠራው ብርድ ላይ ከማይደርቅ ለስላሳ ላስቲክ ነው፤ ገጹም በደቃቅ ስንጥቆች የተሞላ በመሆኑ በረዶውን ይነክሳል። ስለዚህ ልጁ ሁለት ስብስብ ጎማ አለው፤ አራቱ ሲሠሩ አራቱ መጋዘን ያርፋሉ። በእኛ አገር ጎማ ሊሾ ሆኖ፣ ሽቦው ታይቶ፣ ጎሚስታውም ተስፋ ቆርጦበት ነው ጡረታ የሚወጣው። «ለኮሮላ ስምንት ጎማ?» አሉ ጋሽ ኤንትሬ። «ተሳቢ ሊቀጥልባት ነው?»

ደግነቱ የእሳቸው ቀንም መጣ። አስተማሪው ቁልቁለት ላይ ምን እንዳለው ልጁ ሲነግረን ሁላችንም ወደ ሽማግሌው ዞርን። ማርሹን ዝቅ አድርገህ በሞተሩ ያዛት፤ ፍሬኑን አትመነው፤ ስትነሳ ጎማው እንዳይሾር በለሆሳስ፤ ስትንሸራተት ነዳጁን ለቀቅ፤ መሪውን መሄድ ወደምትፈልግበት፤ ዓይንህንም ወደዚያው፤ ምሰሶውን ካየህ ምሰሶውን ታገኘዋለህ። የሊማሊሞ ሕግ ቃል በቃል ኤድመንተን ላይ ይሠራል! ጋሽ ኤንትሬ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ግን ክብራቸው ገና ሳይሞቅ ልጁ ጨመረ፦ ፍሬን መያዝ ግድ ከሆነ ኤቢኤስ ባለው መኪና ሳታቋርጥ አጥብቀህ ርገጥ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየያዘ ይለቃል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ፍሬንን እየረገጡ መልቀቅን ነው። «ታዲያ ሾፌሩ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። መልስ ያገኘላቸው የለም።

ጥያቄያቸው ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነበር። በረዶ ላይ ጎበዝ ሾፌር የሚባለው ብዙ የማይሠራው ነው። ድንገት አይረግጥም፤ ድንገት አይዞርም፤ ድንገት አይለቅም። አስተማሪው «በእግርህና በፔዳሉ መካከል እንቁላል አለ ብለህ ንዳ» እንዳለው ሲነግረን እናትየዋ በኩራት ቀና አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስልህ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም? ለዚች ነው አስተማሪ የተከፈለው?»

ሌሎቹ ቤቶችም ማስረጃ ይዘው መጡ። የስቶክሆልሟ እናት ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ የሚያንሸራትት ሜዳ ላይ መንሸራተት እንዳለባት ነገሩን፤ የስዊድን ሕግ ነው፤ ይህን ሥልጠና ያልጨረሰ አይፈተንም። «ከፍላ ተንሸራታ መጣች» አሉን በትካዜ፤ እሳቸው በየክረምቱ ግቢያቸው በር ላይ በነፃ ነው የሚንሸራተቱት። ወንድሙ ቨርጂኒያ ያለው ጎረቤት ደግሞ በፈረንጆች ጥር 2022 በረዶ ኢንተርስቴት 95 የተባለውን አውራ ጎዳና ሲዘጋው፣ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ማደራቸውን ተረከልን። ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀሩ ሁለት ሰዓት በሚወስደው ከሪችመንድ ዋሽንግተን ጉዞ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። የሚኒባሱ ሾፌር ይህን ሰምቶ አልተደነቀም። «ዝናብ ጥሎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የደመወዝ ቀን ሆኖ ወደ ጀሞ ሸኝተኸው እየው» አለ። ኢትዮጵያዊና በረዶ ምን አገናኛቸው ለሚልም መልስ አለው፤ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆች 2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ በተካሄዱት የክረምት ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። «መንሸራተትማ በኦሎምፒክ ደረጃ ነው የምንንሸራተተው።»

እውነቱን ነው፤ እኛም የራሳችን በረዶ አለን። ወራት ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራ፣ የፈሰሰው ዘይት፣ የተፋቀው ጎማ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ተለውሶ ቅባት ይሆናል። ዝናቡ ጠንክሮ እስኪያጥበው ድረስ ያሉት ደቂቃዎች የአዲስ አበባ ዜሮ ዲግሪ ናቸው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ቆርቆሮውን የሚደበድበው በረዶ መንገዱን ለጊዜው ያነጣዋል። ሐምሌ 19፣ የቂርቆስና የኢየሉጣ ዕለት፣ ወደ ብስራተ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብና መኪና ጭቃውን አቡክቶ አቡክቶ የሚተወው ነገር ከኤድመንተን ግግር ቢወዳደር አያፍርም። ልዩነቱ ሾፌሩ ላይ ነው። እዚያ መንገዱ ሲነጣ ሁሉም ይቀዘቅዛል። እዚህ መንገዱ ሲነጣ «ሳይብስ ልድረስ» ተብሎ ማርሽ ይጨመራል።

ባለፈው ሐምሌ ልጁ ለዕረፍት መጣ። ጉባኤው በሙሉ በእኔ መኪና ተሳፍሮ ችሎታውን ሊመረምር ወጣ፤ ጋሽ ኤንትሬ ከፊት፣ እኔ፣ እናቱና የሚኒባሱ ሾፌር ከኋላ። ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ ስናመራ በረዶ ይጥል ጀመር። ልጁ ነዳጁን ለቀቅ አደረገና ከፊታችን ካለው መኪና ወደ ኋላ ቀረት አለ። በደረቅ መንገድ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚበቃው ክፍተት በረዶ ላይ ስምንትና አሥር ሰከንድ መሆን አለበት፤ እዚያ ያልተማረውን በረዶው ራሱ ያስተምረዋል፤ በረዶ ደግሞ አይለመንም፣ አማላጅ አይቀበልም፣ «ዛሬን ማረኝ» አያውቅም።

እዚህ ግን ርቀት መጠበቅ ማለት ለሌላ ሰው ቦታ መያዝ ማለት ነው። ክፍተቱ እንደታየ አንድ ቪትዝ ገባችበት። ልጁ ለእሷም ርቀት ለቀቀ፤ ሚኒባስ ገባ። ለሚኒባሱም ለቀቀ፤ ባጃጅ ገባ። በዚህ አኳኋን ብንቀጥል ሕጉን ሳንጥስ ወደ ኋላ ወደ ሳር ቤት መመለሳችን አይቀርም ነበር። ከኋላችን ያለው የክላክስ ጩኸት በረዶውን አስናቀ። ጋሽ ኤንትሬ ዓይናቸው እግሩ ላይ ነው፤ ማርሹን ሲቀንስ እያዩ ጥርስ በጥርስ ሆነዋል። እናቱ ገብርኤልን ታመሰግናለች። የሚኒባሱ ሾፌር ብቻ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል።

ቁልቁለቱ ላይ ባጃጁ ፍሬን ያዘ፤ ተሽከረከረና ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ቆመ። ሚኒባሱ ቪትዟን ከኋላ ሳማት። ባለቤቶቹ በረዶው እየደበደባቸው ወርደው ጥፋተኛውን መፈለግ ጀመሩ። የእኛ መኪና ሰፊ ሜዳ ከፊቷ እንዳለ፣ የሰው ስኒ ሳታስደፋ ቆመች። ጋሽ ኤንትሬ ወደ ኋላ ዞረው የሚኒባሱን ሾፌር «አየህ?» በሚል ዓይን ተመለከቱት። እሱም ማየቱን አየ፤ ከእኛ መከለያና ከባጃጁ መካከል የተዘረጋውን ባዶ አስፋልት እያየ አንጀቱ እርር ብሎ እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ቦታ ወይ ግባበት፣ ወይ አከራየው።»